ሂዩይ ሎንግና የሉዊዚያና መራጮች

ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን ለክፍላችን አንድ ጥያቄ ሰጡን። ጥያቄውም በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት የምትኖሩ ድኻ ገበሬዎች ብትሆኑ ኖሮ ለአገረ ገዥነት ማንን ትመርጡ ነበር የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔም ብዙ ሳላስብ የሂዩይ ሎንግን ስም ጽፌ ሰጠሁ። መምህራችን ግን ወረቀቴን መለሱልኝና የሰውየውን ሕይወት እስከ መጨረሻው አንብቤ እንደገና እንድመልስ አዘዙኝ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ያነበብሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ሂዩይ ሎንግ በ1893 ዓ.ም. በሰሜን ሉዊዚያና ዊንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ እሱ ኋላ በየአደባባዩ እንዳወራው ያህል ድኾች አልነበሩም። ነገር ግን አገሩ የድኻ አገር ነበር። በወጣትነቱ የምግብ ቅባት ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ ይሸጥ ነበር። ሲመሽበትም ከገበሬ ቤት ያድር ነበር። የባላገሩን ቋንቋና ብሶት የተማረው በዚህ ጊዜ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ከተማረው ትምህርት ሁሉ የጠቀመው ይኸኛው ነው። ሕግ ያጠናው ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ቢሆንም በ1915 ዓ.ም. ፈተናውን አልፎ ጠበቃ ሆነ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የባቡርና የመገልገያ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ኮሚሽን አባልነት ተመረጠ። በዚያም የስልክ ኩባንያ ዋጋ ጨምሮ ከሕዝብ የሰበሰበው ገንዘብ እንዲመለስ ተከራክሮ ረታ።

በዚያን ጊዜ ሉዊዚያናን የሚገዙት የኒው ኦርሊንስ የፖለቲካ ማኅበርተኞች፣ የሸንኮራ አገዳና የጥጥ ባለርስቶች፣ እንዲሁም የነዳጅ ዘይት ኩባንያዎች ነበሩ። አገረ ገዥ ቢለዋወጥም ቤቱ ያው ነበር። በግዛቱ በሙሉ የተነጠፈው መንገድ ሦስት መቶ ማይል ያህል ብቻ ነበር። የተማሪ መጽሐፍ የሚገዛው ወላጅ ስለ ነበረ፣ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀር ነበር። ጥቁሮች በ1898 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ምክንያት ከመምረጥ ታግደው ነበር ለማለት ይቻላል። ድኻው ነጭም ለመምረጥ በዓመት አንድ ዶላር ግብር መክፈል ነበረበት። እንግዲህ መምህራችን ገበሬ ብትሆኑ ሲሉን ነጭ ገበሬ ማለታቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሎንግ በ1924 ዓ.ም. ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። በምርጫው ቀን ዝናም ጥሎ መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ ገበሬዎቹ ሊመጡልኝ አልቻሉም ብሎ ዝናሙን ወቀሰ። መንገድ እሠራለሁ ያለውን ሰው መንገድ ማጣት ጣለው!

በጥር 1928 ዓ.ም. እንደገና ቀረበ። ሥልጣን ላይ የነበረው አገረ ገዥ ኦራሜል ሲምፕሰን ከእሱ በፊት የነበረው ሲሞት በ1926 ዓ.ም. የተተካ ሰው ነው። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ራይሊ ዊልሰን ደግሞ የኒው ኦርሊንስ ማኅበርተኞች የደገፉት የምክር ቤት አባል ነበር። ሎንግ በሴንት ማርቲንቪል ከአንድ የታወቀ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ለሕዝቡ ቃል የተገባለት ትምህርት ቤት፣ መንገድና ሐኪም ቤት የት እንዳለ ጠየቀ። ገበሬው ምን ይመዝን? በአንድ ወገን የሚያውቀው አሮጌ አገዛዝ አለ፤ አይጠቅመውም፣ ነገር ግን ክፋቱን ለምዶታል። በሌላው ወገን ጯሂና ተሳዳቢ የሆነ የ34 ዓመት ጠበቃ አለ፤ ቃሉን መጠበቁ ገና አልታየም። የድምፁ ቁጥር ለሎንግ 126,842፣ ለዊልሰን 81,747፣ ለሲምፕሰን 80,326 ሆነ። ሎንግ ከግማሽ በታች ቢያገኝም የሲምፕሰን ወገን ወደ እሱ ስለ ዞረ ዊልሰን ሁለተኛውን ዙር ትቶ ወጣ።

ቃሉን ጠበቀ። መጽሐፍ ለተማሪዎች ሁሉ በነፃ ታደለ፤ መንገድና ድልድይ በየስፍራው ተሠራ፤ ጥቁሮች ጭምር ያሉባቸው አያሌ ሺህ አዋቂዎች በማታ ትምህርት ፊደል ቆጠሩ። እኔ እዚህ ላይ ሳነብ መልሴ ትክክል ነው ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. በሚጣራው ነዳጅ ላይ በበርሜል አምስት ሳንቲም ቀረጥ ሊጥል ሲነሣ ጠላቶቹ በጉቦና በገንዘብ ማባከን ከሰሱት። ከሥልጣን ለማውረድ ከ39ኙ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሎንግ ግን ማስረጃው ምንም ቢሆን አንፈርድበትም የሚል ወረቀት 15ቱን አስፈረመ፤ ክሱም ከዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ሌላ ሆነ። ወይስ ቀድሞም ይኸው ነበረ? ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለፖለቲካው ሣጥን ገንዘብ ይቆረጥ ጀመር። ሹሞቹንም ቀን ያልተጻፈበት የስንብት ደብዳቤ አስቀድሞ ያስፈርማቸው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ለዋሽንግተኑ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቢመረጥም፣ አልጋውን ለምክትሉ ላለመልቀቅ እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ አልሄደም። ሲሄድም ወዳጁን ኦስካር አለንን በቦታው አስቀምጦ ግዛቱን ከሩቅ ገዛ። የመምረጫውን ግብር በ1934 ዓ.ም. ያስቀረውም እሱ ነው፤ በዚያው ዓመት ግን ከተሞችን ሥልጣናቸውን ነጥቆ በእጁ አደረገ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1935 ዓ.ም. ባተን ሩዥ ውስጥ እሱ ራሱ ባሠራው ባለ 34 ፎቅ ምክር ቤት በጥይት ተመታ፤ በሦስተኛው ቀን በ42 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ከዚያው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው።

በ1940 ዓ.ም. የሉዊዚያና መራጮች እንደገና መዘኑ። በዚህ ጊዜ በሥልጣን ላይ ያለው አገረ ገዥ የሂዩይ ወንድም ኧርል ሎንግ ሲሆን፣ ከውጭ የመጣው ደግሞ ሳም ጆንስ የሚባል የሌክ ቻርልስ ጠበቃ ነበር። ጆንስ አሸነፈ። በ1948 ዓ.ም. ኧርል ተመልሶ እሱኑ ጆንስን አሸነፈ።

ወረቀቴን ለመምህራችን ስመልስ ለ1928 ዓ.ም. የሎንግን ስም አልሰረዝሁም። ከሥሩ ግን ለ1934 ዓ.ም. ማንን እንደምመርጥ መስመር ሠርቼ፣ ባዶውን ትቼ ሰጠኋቸው።