ከከተማው ነጋዴ ሁሉ አብልጦ የከፈለ ገዢ፦ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ)



መጋቢት 2 ቀን 2009 እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን አጣን። ሐምሌ 2016 ደግሞ በጎፋ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ቁጥር የሁላችንም ዓይን ወደ ነጋዴው ይዞራል። ከእፎይታ ገበያ እስከ አጠና ተራ ብዙዎቻችን ወይ ነጋዴ ነን፣ ወይ የነጋዴ ልጆች። ስለዚህ ዛሬ የአንድን ነጋዴ ሕይወት እናስታውስ።

ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) በ576 ገደማ ከመካ ባለጸጋ ጎሳ ከበኑ ኡመያ ተወለዱ። ስማቸው የገነነው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ነው። እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ሲሆኑ፣ በ615 ከባለቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ከሩቀያ ጋር ወደ አገራችን ሐበሻ ተሰደዋል። በሰው አገር መጠጊያ ማጣትን ያውቁታል።

መዲና ሲገቡ ሙሃጂሮች የሚጠጣ ውሃ ተቸግረው ነበር። የሩማ ጉድጓድ ባለቤት ውሃውን በዋጋ ይሸጥ ነበር። ዑስማን መጀመሪያ ግማሹን ገዙ ይባላል፤ አንዱ ቀን የእሳቸው፣ አንዱ ቀን የባለቤቱ ሆነ። ሕዝቡ በእሳቸው ቀን የሁለት ቀኑን በነጻ ስለሚቀዳ የባለቤቱ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ቀሪውንም ሸጠላቸው። ጉድጓዱን ለሁሉም ወቅፍ አደረጉት።

በኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ድርቅ ገባ። እህል በጠፋበት ሰዓት ስንዴ፣ ዘይትና ዘቢብ የጫኑ 1000 የዑስማን ግመሎች መዲና እንደደረሱ በታሪክ ይተረካል። ነጋዴዎች በራቸውን አጣበቡት። በአንድ ሁለት፣ ከዚያም እስከ አምስት እጥፍ ትርፍ አቀረቡ። እሳቸው ግን ከዚያ በላይ የሚከፍል ገዢ እንዳገኙ ነገሯቸው። የመዲና ነጋዴ ሁሉ እዚያው ቆሞ ስለነበር ገዢው ማን እንደሆነ ግራ ገባቸው። ገዢው ለአንድ መልካም ሥራ አስር እጥፍ ቃል የገባው አላህ ነበር። ጭነቱ በሙሉ ለድሆች ተከፋፈለ።

ከ644 ጀምሮ ሦስተኛው ኸሊፋ ሆነው ያገለገሉት ዑስማን በ656 በገዛ ቤታቸው ተገደሉ።

ልብ እንበል፤ ዑስማን የሰጡት የተረፋቸውን አይደለም፤ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰዓት በእጃቸው የነበረውን ነው። በችግር ቀን ዋጋ ጨምሮ ከጭማሪው ጥቂት መለገስ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የእኛም የመጀመሪያ ሰደቃ በዚያ ቀን ዋጋ አለመጨመር ነው። ከዚያ ዱቄት ሻጩ ከዱቄቱ፣ ብርድ ልብስ ሻጩ ከብርድ ልብሱ፣ ሌላው ከቀኑ ትርፍ ያውጣ።

አላህ በንግዳችን በረካ፣ በልባችን ርኅራኄ ያኑርልን። አሚን።