እንደገና ፊደል የቈጠረው መምህር

ሰው ብዙ ዘመን የደከመበት ትምህርት ለጊዜው የማይበቃ ሆኖ ቢያገኘው ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን ያወቅነውን ይዘን ዘመኑን እንወቅሳለን። የጃፓኑ ሊቅ ፉኩዛዋ ዩኪቺ ያደረገው ግን ሌላ ነው።

ፉኩዛዋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. በኦሳካ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የናካትሱ መስፍን ሎሌ፣ ማዕረጉ ዝቅ ያለ ሳሙራይ ነበር። በዚያን ጊዜ በጃፓን ሰው የሚመዘነው በችሎታው ሳይሆን በትውልዱ ስለ ነበረ፣ አባቱ የተማረ ሰው ሲሆን ከተወለደበት ደረጃ ከፍ ሳይል ሞተ። ይህ ነገር በልጁ ልብ የማይሽር ቁስል ሆኖ ቀረ።

ወጣቱ በ1854 ወደ ናጋሳኪ ሄደ፤ ቀጥሎም በኦሳካ በሐኪሙ በኦጋታ ኮዋን ትምህርት ቤት የሆላንድን ቋንቋ አጠና። ጃፓን በሯን ዘግታ ስትኖር ከአውሮፓውያን መካከል እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዳውያን ብቻ ስለ ነበሩ፣ የምዕራብ ጥበብ ይገኝ የነበረው በቋንቋቸው ነው። በ1858 ፉኩዛዋ ኋላ ቶኪዮ በተባለችው በኤዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ለውጭ ነጋዴዎች አዲስ ወደ ተከፈተችው ወደ ዮኮሐማ ቢወርድ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተጻፈውን ማንበብ አቃተው፤ ጽሕፈቱ እንግሊዝኛ ነበርና። እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን በማግሥቱ እንግሊዝኛ ለመማር ቆርጦ ተነሣ። መምህር ሆኖ ሳለ እንደገና ፊደል ቈጠረ።

በ1860 ወደ አሜሪካ፣ በ1862 ወደ አውሮፓ ከመንግሥት መልእክተኞች ጋር ተጓዘ። ሆስፒታሉ፣ ፖስታ ቤቱና ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሠሩ እየጠየቀ ጻፈ። በ1868 ትምህርት ቤቱን ኬዮ ጊጁኩ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት በኤዶ የርስ በርስ ጦርነት ሲደረግ፣ የመድፍ ድምፅ እየተሰማ የኢኮኖሚ ትምህርቱን አላቋረጠም።

በ1872 ማተም የጀመረው ትምህርትን የሚያበረታታ መጽሐፉ በጃፓን እጅግ ተነበበ። አሳቡም ይህ ነበር፦ ከባድ ጥንታዊ ጽሑፍ መፍታትና ግጥም መግጠም ብቻውን ሰውን ከኑሮው ያርቀዋል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ፊደል፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝና ሚዛን ይወቅ፤ ከዚያ ጂኦግራፊ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክና ኢኮኖሚ ይከተሉ። ሰው በትውልዱ ሳይሆን በዕውቀቱ የሚከበርበት አገር የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1873 የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ተርጉሞ ማውጣት የጀመረውም ስለዚህ ነው።

የተማረ ሁሉ ሹመት ፍለጋ ወደ መንግሥት ቢሮ መሮጡንም አጥብቆ ነቀፈ። ሊቃውንት ሁሉ ሹማምንት ከሆኑ፣ ሕዝቡ ምን ጊዜም ትእዛዝ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል ባይ ነበር። እርሱም የመንግሥት ሥራ ሳይቀበል በትምህርት ቤቱና በ1882 ባቋቋመው ጋዜጣ ጸና።

ነውር አልነበረበትም አይባልም። ስለ ሰው እኩልነት ያስተማረው ይህ ሰው በኋለኛው ዘመኑ ጎረቤት አገሮችን ንቆ ጻፈ፤ በ1894 በቻይና ላይ የተነሣውንም ጦርነት ደገፈ። የሥርዓተ ትምህርት መለወጥ ብቻውን ልብን እንደማያቀና ከዚህ እንረዳለን። ፉኩዛዋ በ1901 ዓ.ም. ሞተ።

ተማሪና ወጣት ሹም ሆይ፣ የምስክር ወረቀትህ የትናንት ድካምህን ይመሰክር ይሆናል። ነገ የአንተ ዮኮሐማ ሲገጥምህ ግን የሚጠቅምህ እንደገና ፊደል ለመቁጠር አለማፈርህ ነው።