ዝም ያለው ቆጣሪ፤ የፕሮፌሰር ጄምስ ቫን አለን አጭር የሕይወት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ጽፈን እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ከክፍላችን ገሚሱ የጦር ጀግና፥ ገሚሱም ደራሲ ይመረጥ አለ። በመጨረሻ ግን የሁላችንም ሐሳብ በአንድ የፊዚክስ ሊቅ ላይ ተስማማ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን በቤተ ሙከራ የሠራነው ስሕተት ነው። ኤሌክትሪክ ስንለካ የመለኪያው ቀስት አልነቃነቅ ብሎ ዜሮ ላይ ቢቀር፥ ኤሌክትሪክ የለም ብለን በደብተራችን ጻፍን። መምህራችን መጥተው ሲመረምሩት፥ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ሳይሆን ከመጠን በላይ በዝቶ የመለኪያውን ፊውዝ አቃጥሎት ኖሯል። ማፈራችንን አይተው ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችንም ዜሮ ግራ እንዳጋባቸው ነገሩንና፥ የፕሮፌሰር ቫን አለንን ታሪክ አጫወቱን። እኛም ከመጻሕፍት አሟልተን ለአንባቢዎቻችን እነሆ አቅርበናል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጄምስ ቫን አለን በአሜሪካ፥ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፥ ማውንት ፕሌዛንት በምትባል ትንሽ ከተማ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1914 ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መሣሪያ መፍታትና መግጠም ይወዱ ነበርና፥ አንድ ጊዜ በቤታቸው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መጠምጠሚያ ሠርተው ረጅም ብልጭታ ሲወጣና የራስ ጠጕራቸው ሲቆም እናታቸውን አስደንግጠዋቸዋል ይባላል። በተወለዱበት ከተማ ኮሌጅ ገብተው በ1935 ከተመረቁ በኋላ፥ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1939 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ወዲያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ቫን አለን የመድፍ ጥይት ወደ አውሮፕላን ሲቀርብ በራሱ እንዲፈነዳ የሚያደርገውን የሬዲዮ መሣሪያ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ተመደቡ። ቀጥሎም የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው በፓሲፊክ ውቅያኖስ አገለገሉ። በዚህ ሥራ ከመስተዋት የተሠራ ቀጭን መሣሪያ ከመድፍ አፍ ሲተኰስ ሳይሰበር እንዴት እንደሚቆይ ተማሩ። ይህም ዕውቀት በኋላ በሮኬት ለሚላኩት መለኪያዎች እጅግ ጠቀማቸው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከጀርመኖች የተማረኩት ቪ-2 የተባሉ ሮኬቶች በኒው ሜክሲኮ በረሃ ለምርምር ሲተኰሱ፥ ቫን አለን የኮስሚክ ጨረር መለኪያ በውስጣቸው ይገጥሙ ጀመር። የኮስሚክ ጨረር የሚባለው ከሩቅ ጠፈር በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣ ደቂቅ አካል ሲሆን፥ አብዛኛው ፕሮቶን፥ ማለት የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ነው። አየሩ ይህን ጨረር ከላይ ስለሚያስቀረው፥ በእውነት መለካት የፈለገ ሰው መለኪያውን ከአየሩ በላይ ማውጣት አለበት። በ1951 ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ትንሽ ሮኬት በባሉን አንጠልጥለው ከፍ ካለ በኋላ ከዚያው ከሰማይ መተኰስን ዘዴ አደረጉ። በ1952 ይህን የጀመሩት በግሪንላንድ አካባቢ ከመርከብ ላይ ነው።

በኤፕሪል 1950 በቤታቸው ራት ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የዓለም አገሮች ሁሉ ምድርን በአንድነት የሚመረምሩበት ዘመን እንዲወሰን ተነጋግረው ነበር። ሐሳቡም አድጎ ከ1957 እስከ 1958 የተፈጸመው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ የምድርን መግነጢስ የሚለካው ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነውና፥ ነገሩ ለእኛም አገር ባዳ አይደለም።

በዚያ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን አስቀድማ ላከች። አሜሪካም ጃንዋሪ 31 ቀን 1958 14 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ኤክስፕሎረር 1 ስትልክ፥ የቫን አለን ጋይገር ቆጣሪ በውስጡ ነበረ። ይህ ቆጣሪ ጋዝ የተሞላ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ደቂቅ አካል ባለፈበት ቁጥር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ ምቱም በሬዲዮ ወደ ምድር ይላካል። ሳተላይቱ ዝቅ ሲል ቆጣሪው እንደ ተጠበቀው በየሴኮንዱ 30 ያህል ይቆጥር ነበር። ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲወጣ ግን ጭልጥ ብሎ ዝም አለ፤ ወረቀቱ ላይ ዜሮ መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል፥ ወይም በዚያ ስፍራ ምንም የለም ብሎ ባለፈ ነበር። ቫን አለንና ተማሪዎቻቸው ግን አላለፉም። ማርች 26 ቀን 1958 የተላከው ኤክስፕሎረር 3 ተማሪያቸው ጆርጅ ሉድዊግ የሠራው ቴፕ መቅጃ ስለ ነበረው፥ የሙሉውን ዙር ቁጥር ይዞ መጣ። ቁጥሩ በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይወድቃል፤ ደግሞ ይመለሳል። ካርል ማክኢልዌይን የተባለው ተማሪ ተመሳሳዩን ቆጣሪ በቤተ ሙከራ በብርቱ የኤክስሬይ ጨረር ፊት ቢያቆመው፥ እሱም ዝም አለ። አንዱን ቆጥሮ ሳይጨርስ ሺው ስለሚደርስበት፥ ምቱ እየደከመ ከመቆጠር ይወጣል። እንግዲያስ ዜሮው ባዶነትን ሳይሆን እጅግ መብዛትን የሚናገር ሆኖ ተገኘ!

ሜይ 1 ቀን 1958 በዋሽንግተን ውጤቱን ለሊቃውንት አስታወቁ። በሶቭየት በኩል የሰርጌይ ቬርኖቭ ቆጣሪዎች በኖቬምበር 1957 በስፑትኒክ 2 ተልከው ነበር፤ ሳተላይቱ ከፍ የሚልበት ስፍራ ግን ከሶቭየት መቀበያ ጣቢያዎች ሩቅ ስለ ነበረ ማስረጃው አመለጣቸው። ቀጥሎ የተላከው ኤክስፕሎረር 4 በእርሳስ የተሸፈነና ያልተሸፈነ ቆጣሪ ጐን ለጐን ይዞ፥ ብርቱውን ጨረር ከደካማው ለየ። በ1959 በሮኬት ተልኮ የተመለሰ ፎቶግራፍ መሳይ ፊልም ሲመረመር ደግሞ፥ በውስጠኛው ቀበቶ ያሉት ብርቱ ደቂቃን ፕሮቶኖች መሆናቸው ታወቀ። የምድር መግነጢስ አስሮ በዙሪያችን የሚያዞራቸው እነዚህ ቀበቶዎች የቫን አለን ቀበቶዎች ይባላሉ። ፕሮቶኖቹ የሳተላይትን መሣሪያ ስለሚያበላሹና የጠፈር ተጓዥን አካል ስለሚጐዱ፥ መንገዳቸውን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው።

ፕሮፌሰሩ ዝና ካገኙ በኋላም ከትንሹ የአዮዋ ከተማ አልለቀቁም። መለኪያዎቻቸው በ1973 በፓዮኒር 10 ጁፒተር፥ በ1979 በፓዮኒር 11 ሳተርን ደረሱ። በ1985 ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራቸውን ሳይተዉ ቆይተው፥ ኦገስት 9 ቀን 2006 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ። ካረፉ በኋላ በ2012 ወደ ቀበቶዎቹ የተላኩት ሁለት ሳተላይቶች በስማቸው ተጠርተው እስከ 2019 ሠርተዋል።

እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ትምህርት አጭር ነው። ዜሮ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዜሮው ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ ያንን የተሳሳተ ገጽ ከደብተራችን አልቀደድነውም፤ ፊውዙን ቀይረን እንደ ገና ለካንና፥ እውነተኛውን ቁጥር ከዜሮው አጠገብ ጻፍነው። ከእኛ በኋላ በዚህ ቤተ ሙከራ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ቀስቱ ዝም ባለ ጊዜ እናንተም ዝም አትበሉ።