ጋሪ ኪልዳል፦ የድራይቨር ነገር ከየት መጣ?

ሃያ ሁለት አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ ወደ ጠጋኝ የሄደ ሰው ድራይቨር የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይመለስም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ ስክሪኑም ኪቦርዱም ይሠራል፤ ድምፅ ግን የለም። ልጆቹ የሳውንድ ድራይቨሩ የለም ይላሉ፤ ከዚያ ፍለጋ ይጀመራል። እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ የድራይቨርን ትርጉም ሸምድደን ፈተና እናልፋለን እንጂ፣ አንድ ኮምፒውተር ለምን የራሱን ድራይቨር ብቻ እንደሚፈልግ፣ ይህንንስ አሠራር ማን እንዳመጣው ብዙም አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን ወደ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በማምጣት በኩል ትልቅ ድርሻ ያለውን የጋሪ ኪልዳልን ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪ ኪልዳል በ1942 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የባሕር ጉዞ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ጋሪም በወጣትነቱ እዚያው አስተምሯል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ጎበዝ ከሚባሉት ተማሪዎች አልነበረም። ሐሳቡም የሒሳብ መምህር መሆን ነበር። በ1963 ዶሮቲ ማክዌን የተባለችውን ወዳጁን አገባና ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያ ግን ኮምፒውተር አገኘና ልቡ ወደዚያው ሄደ። የወታደር አገልግሎት ግዴታ ሲመጣበት ጦር ሜዳ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ሞንተሬ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተመደበ። በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በዚያው ሰሞን ስለ ፕሮግራም ማሻሻያ የሠራውና በ1973 የታተመው ጥናቱ ዛሬም ኮምፓይለር በሚማሩ ተማሪዎች ዘንድ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ሰውየው ነጋዴ ከመሆኑ በፊት መምህር ነበር ማለት ነው።

በ1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ብዙ ሰው ያንን ቺፕ የሚያየው ለካልኩሌተርና ለመሳሰለው ዕቃ ብቻ እንደሚሆን ነበር። ኪልዳል ግን ሙሉ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል ብሎ አመነ። ለኢንቴልም በትርፍ ጊዜው አማካሪ ሆኖ መሥራት ጀመረና ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራለት። በዚህ ምክንያት አንድ የኢንቴል ኮምፒውተር በእጁ ገባ። ከሹጋርት ኩባንያ ደግሞ ያገለገለ የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ አገኘ። ችግሩ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለመኖሩ ነበር። ጆን ቶሮድ የተባለ ወዳጁ የኤሌክትሮኒክስ ሥራውን ሠራለት፤ ኪልዳል ሶፍትዌሩን ጻፈ። በ1974 ሥራው ተሳካ። ሲፒ/ኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተወለደው በዚህ መልክ ነው። ኢንቴል ሊገዛው ፍላጎት ስላላሳየ ኪልዳልና ዶሮቲ ራሳቸው ዲጂታል ሪሰርች የሚባለውን ኩባንያ አቋቁመው መሸጥ ጀመሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በየቦታው የሚሠሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም ነበር። የአንዱ ዲስክ ከሌላው ይለያል፣ የአንዱ ተርሚናል ለሌላው አይሆንም። አዲስ ዓይነት ኮምፒውተር በመጣ ቁጥር ሲፒ/ኤምን እየበረበሩ ማስተካከል ደግሞ አድካሚ ነው። ኢምሳይ የተባለው ኩባንያ ሲፒ/ኤምን ለራሱ ኮምፒውተሮች በፈለገ ጊዜ ኪልዳል ለኢምሳይ ይሠራ ከነበረው ከግሌን ኢዊንግ ጋር ሆኖ ሥርዓቱን ለሁለት ከፈለው። ትልቁ ክፍል በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ትንሹ ክፍል ብቻ እንደ ማሽኑ ይለዋወጣል። ይህንን ትንሹን ክፍል ባዮስ አለው። እርግጥ በትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ቀድሞም ነበረ፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው ኮምፒውተር የተስፋፋው ግን በዚህ ሥራ ነው።

ነገሩን በአስተርጓሚ መመሰል ይቻላል። መልእክቱ አንድ ነው፤ አስተርጓሚው ግን የሚሄድበትን አገር ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት። ትግርኛ ለሚናገር ሰው የኦሮምኛ አስተርጓሚ ቢልኩለት ምንም አይጠቅምም፣ አስተርጓሚው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። በሲፒ/ኤም 2.2 ይህ አስተርጓሚ የሚመልሳቸው ጥሪዎች 17 ብቻ ነበሩ፦ ከኪቦርድ ፊደል ተቀበል፣ ወደ ስክሪን ፊደል ላክ፣ ወደ ፕሪንተር ጻፍ፣ ዲስክ ምረጥ፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ወዘተ። የኮምፒውተሩ ሠሪ እነዚህን 17 ጥሪዎች ለራሱ ማሽን ከጻፈ፣ ለሲፒ/ኤም የተሠሩት ፕሮግራሞች በሙሉ ማሽኑ ላይ ይሠሩለታል። ሲፒ/ኤም በስተመጨረሻ ወደ 3,000 በሚጠጉ የኮምፒውተር ዓይነቶች ላይ መሥራት የቻለው ለዚህ ነው።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከ17ቱ ውስጥ ለድምፅ የተመደበ አንድም ጥሪ የለም። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ይጽፋል፣ ያትማል እንጂ ይናገራል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። በ1987 አድሊብ፣ በ1989 ደግሞ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባሉትን የድምፅ ካርዶች ሲያወጡ፣ ዶስ ስለ ድምፅ ካርድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጌም የየካርዱን ድራይቨር ራሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተጠቃሚውም የካርዱን አድራሻ ቁጥር ሳይቀር መምረጥ ነበረበት። የድምፅ ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥር ሆኖ ለሁሉም ፕሮግራም ማገልገሉ የተለመደው በ1992 ከወጣው ከዊንዶውስ 3.1 ወዲህ ነው። ማለትም ድምፅ ወደ ኪልዳል አሠራር የገባው በጣም ዘግይቶ ነው።

ይህ ሁሉ የታሪክ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ያየሁትን ልጨምር። ሃያ ሁለት በሰፈራችን ዓይነ ስውር የሆነች ተማሪ አለች። የምትጠቀመው በዕድሜ የገፋ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን ድምፁ ጠፋ። ለእኛ ድምፅ ጠፋ ማለት ዘፈን ቀረ ማለት ነው። ለእሷ ግን ስክሪኑን የሚያነብላት ፕሮግራም ዝም አለ ማለት ስለሆነ ኮምፒውተሩ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። እናቷ እስቲ አንተ ተማሪ ነህና እየው ብለው አመጡልኝ።

ዲቫይስ ማኔጀር ሲከፈት መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር ከሚለው ጎን ቢጫ የጥያቄ ምልክት ይታያል። ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው። አንድ ጓደኛዬ በሲዲ የያዘው የሳውንድ ድራይቨር ስሙ ኤሲ 97 የሚል ስለነበር ይሆናል ተባለ፤ አልሆነም። ምክንያቱም ኤሲ 97 በ1997 ኢንቴል ያወጣው ደረጃ እንጂ የአንድ ቺፕ ስም አይደለም። በዚህ ደረጃ መሠረት የድምፁ ሥራ በሁለት ቺፖች መካከል ይከፈላል። አንደኛው ዲጂታል ቁጥሩን የሚያስተላልፈው ኮንትሮለር ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኮዴክ ነው። ኮንትሮለሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ኮዴኩ ሊለያይ ይችላል።

ስለዚህ ከስም ይልቅ ወደ ቁጥሩ ሄድን። በዲቫይሱ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ በሚለው ሥር አንድ ረጅም መለያ አለ። መጀመሪያው ቬን 8086 ይላል፤ ይህ የኢንቴል መለያ ነው። ቀጥሎ ዴቭ 24ዲ5 ይላል፤ ይህ ደግሞ አይሲኤች5 የተባለው የኢንቴል ቺፕ የድምፅ ክፍል ነው። ቀጥሎ ያለው ሰብሲስ የሚለው ቁጥር ቦርዱን የገጠመውን ኩባንያ ይናገራል። ኬዙን ከፍተን ስናይ ከድምፅ ሶኬቶቹ አጠገብ ያለችው ትንሿ ቺፕ የአናሎግ ዲቫይስስ ኤዲ1981ቢ መሆኗን አነበብን። ከዚህ በኋላ ፍለጋው ፍለጋ አልነበረም። ከኬዙ ላይ የሞዴሉን ስም ይዘን ኮምፒውተሩን የሠራው ኩባንያ ለዚያ ሞዴል ያስቀመጠውን ድራይቨር አወረድን፣ በፍላሽ ወስደን ጫንን፤ ድምፁ መጣ። ስክሪን የሚያነበው ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ኤክስፒ ላይ የሚሠራው እስከ 2017.3 ያለው እትም ብቻ በመሆኑ እሱንም እየመረጥን ነው የጫንነው። ልጅቷ ያን ዕለት ማታ የቤት ሥራዋን ጻፈች።

ያ 8086 የሚለው ቁጥር ወደ ኪልዳል ይመልሰናል። 8086 ኢንቴል በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም ነው፤ የቅርብ ዘመዱ 8088 ደግሞ አይቢኤም ለፒሲው የመረጠው ነው። በ1980 የአይቢኤም ሰዎች ለዚህ ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ ወደ ኪልዳል ቤት መጡ። እሱ በዚያ ጠዋት በራሱ አውሮፕላን ለሥራ ወደ አንድ ደንበኛ ሄዶ ነበር። ዶሮቲ አይቢኤም ያቀረበውን የምሥጢር ጥበቃ ውል ለመፈረም አመነታች። ብቻ በዚያን ጊዜ ስምምነት አልተደረሰም። በኋላ ለመዝናናት ሲበር ዕድሉ አመለጠው ተብሎ የተወራው ትክክል አይደለም።

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ቲም ፓተርሰን በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የጻፈውን 86-ዶስ ገዝቶ ለአይቢኤም አቀረበ። ይህ ሥርዓት የሲፒ/ኤምን የጥሪ አሠራር የተከተለ ነበር። ኪልዳል ቅሬታውን ባሰማ ጊዜ አይቢኤም ሲፒ/ኤም-86ንም አብሮ ለመሸጥ ተስማማ። ዋጋቸው ግን አልተቀራረበም፦ ፒሲ ዶስ 40 ዶላር ሲሸጥ ሲፒ/ኤም-86 በ240 ዶላር ቀረበ። ገዢው የቱን እንደመረጠ መናገር አያስፈልግም። የሆነ ሆኖ ያሸነፈው ዶስም ቢሆን ውስጡ ሲታይ ማሽኑን የሚያውቀው ክፍልና ቀሪው ክፍል በሁለት ፋይል ተለያይተው የተቀመጡበት ነው። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ድራይቨር እንዲጨምር ፈቀደ። ሰውየው በገበያ ተሸነፈ፤ አሠራሩ ግን በተሸነፈበት ሥርዓት ውስጥ ቀጠለ።

ከዚያም በኋላ ኪልዳል ሥራ አላቆመም። ከ1983 እስከ 1990 ድረስ ስለ ኮምፒውተር የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ተባባሪ አቅራቢ ሆኖ ሠርቷል። በ1985 የግሮሊየር ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ ሮም እንዲወጣ ያደረገው ኩባንያም የእሱ ነው። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። ኪልዳል ሐምሌ 1994 በሞንተሬ በአንድ መጠጥ ቤት በደረሰበት የጭንቅላት ጉዳት በ52 ዓመቱ አረፈ። በ2014 ሲፒ/ኤም በተሠራበት በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለለት። ያልታተመው ግለ ታሪኩ የመጀመሪያ ክፍልም በ2016 ለአንባቢ ቀረበ።

ብዙ ሰው ኪልዳልን የሚያስታውሰው ትልቅ ገንዘብ ያመለጠው ሰው አድርጎ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሚዛናዊ አይደለም። ትልቁን ከትንሹ በመለየቱ አንድ ሶፍትዌር በሺህ ዓይነት ማሽን ላይ መሥራት ችሏል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ዕዳም አለበት፤ ትንሹን ክፍል የሚጽፈው ሠሪው ኩባንያ ነው፤ ሠሪው ድራይቨሩን ማስቀመጥ የተወ ዕለት ሃርድዌሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ዲዳ ይሆናል። እንደ እኛ ባለ አገር፣ ኮምፒውተር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ዓመት በሚያገለግልበት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጋችን በፊት የዲቫይሶቹን መለያ ቁጥር በወረቀት እንጻፍ፣ የሚሠራውንም ድራይቨር በፍላሽ እናስቀምጥ። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ በአንድ ሰው ቤት ግን ኮምፒውተር አለ እና የለም በሚለው መካከል ያለው ልዩነት እሱ ሊሆን ይችላል።