ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ እና የካርቱም ሀገረ ስብከት

ማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ በስደትም ሆነ በሥራ ምክንያት ካርቱምን ረግጠው ላለፉ ቤተሰቦቻችን ስማቸው እንግዳ ያልሆነ አንድ ሰው በዚህ መጽሔት ቢታወሱ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ኮምቦኒ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው የትምህርት ቤት ስም ሆኖ ነው። ሰውየው ማን እንደነበሩ፣ ከየት እንደመጡ፣ የጀመሩት ሥራስ እንዴት ወድቆ እንደገና እንደተነሣና ዛሬ በሊቀ ጳጳስ ወደሚመራው የካርቱም ሀገረ ስብከት እንዳደገ የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው አጭር የሕይወት ታሪካቸው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እንጠይቃለን።

የአትክልተኛው ልጅ

ዳንኤል ኮምቦኒ ማርች 15 ቀን 1831 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን በጋርዳ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ሊሞኔ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሉዊጂ የአንድ ባለጠጋ ሰው የሎሚ አትክልት ቦታ ጠባቂ ነበሩ። እናታቸው ዶሜኒካ ስምንት ልጆች ቢወልዱም፣ ለአቅመ አዳም የደረሰው ዳንኤል ብቻ ነው። ቤተሰቡ ድኻ ስለነበረ ልጁን የማስተማር አቅም አልነበረውም። በ1843 ዓ.ም. ግን በቬሮና ከተማ አባ ኒኮላ ማዛ የተባሉ ካህን ጎበዝ የድኻ ልጆችን በነጻ በሚያስተምሩበት ተቋም ገቡ።

የማዛ ተቋም ከአፍሪካ ጋር ግንኙነት ነበረው። ከባርነት ነጻ የወጡ አፍሪካውያን ሕፃናት እዚያ ይማሩ ነበር፤ ከሱዳን የሚመለሱ ሚሲዮናውያንም ያዩትን ለተማሪዎቹ ይተርኩ ነበር። ወጣቱ ኮምቦኒ ይህንን እየሰማ በ1849 ዓ.ም. ዕድሜውን ለአፍሪካ ለመስጠት ቃል ገባ። ዲሴምበር 31 ቀን 1854 ዓ.ም. ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር፤ እርሳቸው የወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ናቸው። ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ወላጅ፣ ወላጁን ትቶ የወጣ ልጅም ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ኮምቦኒ በብዙ ሐሳብ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ተሰናብተው ወጡ። እናታቸውን ዳግመኛ አላዩአቸውም። በተለዩአቸው በዓመቱ ጁላይ 1858 ዓ.ም. እናታቸው አረፉ፤ ልጃቸው በዚያን ጊዜ በነጭ አባይ ዳር በንዳድ ይማቅቁ ነበር።

የሞት መንገድ

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በ1846 ዓ.ም. ለመካከለኛው አፍሪካ አንድ ቪካሪያት አቋቁማ ነበር። ቪካሪያት ማለት ገና ራሱን ችሎ ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ ከሮም በሚሾም እንደራሴ የሚተዳደር የስብከት ክልል ነው። ስፋቱ ከብዙ የአውሮፓ መንግሥታት የሚበልጥ ሲሆን በምሥራቅ በኩል ከኢትዮጵያ ይዋሰን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ካርቱም ደረሱ፤ መሪያቸው አባ ማክሲሚሊያን ሪሎ ግን በዚያው ዓመት ሞቱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም እንደዚሁ በወባና በተቅማጥ እየተለቀሙ አለቁ።

ኮምቦኒ በጃንዋሪ 1858 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር ካርቱም ገቡ። ከዚያም በጀልባ ነጭ አባይን ተከትለው በዲንካዎች አገር ወደነበረችው ቅዱስ መስቀል ወደምትባል ጣቢያ ወረዱ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ከጓደኞቻቸው አንዱን አባ ፍራንቼስኮ ኦሊቦኒን ቀበሩ። እርሳቸውም ታመው በ1859 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ሚሲዮኑ በጠቅላላው ሊዘጋ ተቃረበ።

በዚህ መካከል ከእኛው አገር ታሪክ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ሥራ ፈጸሙ። በ1861 ዓ.ም. አባ ማዛ ወደ ኤደን ላኩአቸው። እንግሊዞች በባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ያስጣሉአቸው ልጆች በዚያ ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከኦሮሞ ምድር የተነጠቁ ነበሩ። ኮምቦኒ ከልጆቹ የተወሰኑትን ተቀብለው እንዲማሩ ወደ ቬሮና ወሰዱአቸው።

በ1864 ዓ.ም. የተጻፈው ዕቅድ

ኮምቦኒ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተገነዘቡ። አውሮፓዊው ወደ አፍሪካ መሐል ሲገባ በንዳድ ይሞታል፤ አፍሪካዊው ልጅ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ሲወሰድ ደግሞ ብርዱ ይገድለዋል። ካልሞተም አገሩን ይረሳል። እንግዲያው ሁለቱም በጤና ሊኖሩ በሚችሉበት ቦታ መገናኘት አለባቸው።

በሴፕቴምበር 1864 ዓ.ም. በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ሲጸልዩ ይህ ሐሳብ እንደተገለጠላቸው ይነገራል። ዕቅዱን ወዲያው በጽሑፍ አሰፈሩት። በአፍሪካ ዙሪያ፣ አየሩ ለሁለቱም ወገን በሚስማማበት ሥፍራ፣ ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ፤ በእነርሱም አፍሪካውያን ወንዶችና ሴቶች መምህራን፣ ባለ ሙያዎች፣ ነርሶች፣ ደናግልና ካህናት ሆነው ይሠልጥኑ፤ ከዚያም ወደ ወገኖቻቸው ይሂዱ ይላል። በአጭሩ የዕቅዱ መሠረት አፍሪካን የሚያድናት አፍሪካዊው ራሱ ነው የሚል ነው። ኮምቦኒ የዘመናቸው ሰው ነበሩና ስለ አፍሪካ ሲጽፉ የዚያ ዘመን አውሮፓዊ አነጋገር ይታይባቸዋል፤ ሥራቸውም በግብጽና በኦስትሪያ መንግሥታት ጥላ ሥር የቆመ ነበር። ይሁን እንጂ አፍሪካዊው መምህርና ካህን መሆን ይችላል ብሎ በዚያን ጊዜ ሙሉ ሥራን በዚህ እምነት ላይ መገንባት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ዕቅዱን ይዘው በኮሎኝ፣ በቪየና፣ በሊዮንና በሌሎችም ከተሞች እየዞሩ ርዳታ ለመኑ። በ1867 ዓ.ም. በቬሮና የሚሲዮናውያን ማኅበር፣ በ1872 ዓ.ም. ደግሞ የደናግል ማኅበር መሠረቱ። በ1867 ዓ.ም. መጨረሻ በካይሮ ቤቶችን ሲከፍቱ፣ በጣሊያን የተማሩ አፍሪካውያት ወጣቶች በመምህርነት አብረዋቸው ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. በተደረገው የቫቲካን ጉባኤም አፍሪካ እንዳትረሳ የሚያሳስብ ማመልከቻ አዘጋጅተው 70 ጳጳሳት እንዲፈርሙበት አደረጉ።

በካርቱምና በኮርዶፋን

በ1872 ዓ.ም. የመካከለኛው አፍሪካ ሚሲዮን ኃላፊነት ተሰጣቸውና በሜይ 1873 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ። ወዲያው ወደ ኮርዶፋን ዋና ከተማ ወደ ኤል ኦቤይድ አለፉ። ኤል ኦቤይድ በዚያን ጊዜ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረች። ሚሲዮኑ ከባርነት አምልጠው ወይም ተዋጅተው ለመጡ ሰዎች መጠጊያ ሆነ። ማልቤስ በምትባል አቅራቢያ መንደርም ነጻ የወጡ ቤተሰቦች መሬት አርሰው፣ ጎጆ ቀልሰው እንዲኖሩ ተደረገ።

ከእነዚህ ነጻ ከወጡት ልጆች አንዱ ዳንኤል ሶሩር የተባለ የዲንካ ተወላጅ ነበር። ከጌታው ቤት አምልጦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሚሲዮኑ መጣ። ኮምቦኒ አስተምረው ወደ ሮም ላኩት። በ1887 ዓ.ም. በካይሮ ካህን ሆነ፤ ኮምቦኒ ግን ይህንን ለማየት አልታደሉም። ፎርቱናታ ኳሼ የተባለችው የኑባ ተወላጅም በማዛ ተቋም ተምራ፣ ከኮምቦኒ ደናግል ማኅበር ገብታ በዚያው በሱዳን አገለገለች።

በ1877 ዓ.ም. ኮምቦኒ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በሚከተለው ዓመት ወደ ካርቱም ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ድርቅ፣ ረሀብና ወረርሽኝ ነበር። የእህል ዋጋ ናረ፤ ሚሲዮናውያኑ በተከታታይ ሞቱ፤ የቤቱም ዕዳ ተቆለለ። ቅዱስ ዮሴፍን የሚሲዮኑ ገንዘብ ያዥ አድርገው ሰይመው፣ ሣጥኑ ባዶ በሆነ ቁጥር ሒሳቡን ለእርሱ ያቀርቡ እንደነበር ይነገርላቸዋል። በ1881 ዓ.ም. ወደ ኑባ ተራሮች ተጉዘው የባሪያ ፈንጋዮችን ግፍ በዓይናቸው ተመለከቱ፤ የኑባን ቋንቋ መዝገበ ቃላትም ማሰናዳት ያዙ። ከዚያ እንደተመለሱ በንዳድ ታመው ኦክቶበር 10 ቀን 1881 ዓ.ም. በካርቱም አረፉ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር።

ሁሉም ሲፈርስ

በዚያው ዓመት የማህዲ ንቅናቄ ተነሥቶ ነበር። የኑባና የኤል ኦቤይድ ሚሲዮናውያን ተማረኩ፤ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ዓ.ም. ካርቱም ወደቀች። የኮምቦኒ መቃብር ሳይቀር ተደፈረ። ካህናትና ደናግል ለዓመታት በምርኮ ቆዩ፤ አባ ዮሴፍ ኦርዋልደር ከሁለት ደናግል ጋር ያመለጡት በ1891 ዓ.ም. ነበር። ኮምቦኒ ካረፉ አራት ዓመት ሳይሞላ በሱዳን ውስጥ የሠሩት ቤት ሁሉ ፈርሶ ነበር።

ያልፈረሰው ሰዉ ነው። በቬሮናና በካይሮ የተቀሩት ተማሪዎቻቸው ተስፋ ሳይቆርጡ ጠበቁ። የማህዲስቶች መንግሥት በ1898 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ወደ ካርቱም ተመለሱ። በ1913 ዓ.ም. የቀድሞው ሰፊ ቪካሪያት ተከፍሎ የካርቱም ቪካሪያትና የባሕር ኤል ጋዛል ክልል ለየብቻ ቆሙ። በ1929 ዓ.ም. የኮምቦኒ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት ሆነ። የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በጥቁር አባይ ዳር ቆመ።

በ1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ከደቡብ ሱዳን አባረረ። ብዙዎች ሥራው አበቃ ብለው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ የኮምቦኒ ማኅበር ካህናት ወደ ሲዳማ መጥተው ሥራ ጀመሩ፤ ከዚያም በ1979 ዓ.ም. ወደ ቪካሪያትነት ያደገው የሀዋሳ ክልል በሰፊው ተስፋፋ። በደቡብ ሱዳንም አገልግሎቱ በአገሩ ተወላጆች ካህናትና መምህራን እጅ ቀጠለ፤ የ1864ቱ ዕቅድ ያለውም ይህንኑ ነበር።

ዲሴምበር 12 ቀን 1974 ዓ.ም. ካርቱም በሊቀ ጳጳስ የሚመራ ሀገረ ስብከት ሆነች። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሮኒ ነበሩ፤ በ1981 ዓ.ም. ግን መንበሩን የአገሩ ተወላጅ ገብርኤል ዙበይር ዋኮ ተረከቡ። ኮምቦኒ ካረፉ ልክ 100 ዓመት ሆኖ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ከደቡብና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀለው ሕዝብ ካርቱምን ሲያጥለቀልቃት፣ ሀገረ ስብከቱ በከተማው ዳርቻ በእንጨትና በሰሌን ዳስ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። ኮምቦኒ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ዓ.ም. ብፁዕ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ተባሉ። ለቅድስናቸው ማረጋገጫ የተቆጠረው ተአምር በካርቱም ሆስፒታል በወሊድ ምክንያት ለሞት ተቃርበው የዳኑ አንዲት ሙስሊም እናት ናቸው። በዚያው ወር ሊቀ ጳጳስ ዙበይር ዋኮ የሱዳን የመጀመሪያው ካርዲናል ሆነው ተሾሙ።

ለእኛ የሚተርፈው

በኤፕሪል 2023 ዓ.ም. በካርቱም በፈነዳው ጦርነት ሀገረ ስብከቱ እንደገና ተበተነ። አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ምእመናኑም ተሰደዱ፤ ከእኛም ወገኖች ብዙዎች ያላቸውን ጥለው ወጡ። የኮምቦኒ ኮሌጅ ግን ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውሮ ማስተማሩን ቀጠለ።

በሰው አገር ማኅበር ያቋቋምን ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። አዳራሽ ይቃጠላል፤ ንብረትም ይዘረፋል፤ መሥራቹም ያልፋል። የተማረ ልጅ ግን ይዞት የሄደውን ማንም አይቀማውም። ማኅበራችን ለሚቀጥሉት ዓመታት ሲያቅድ፣ ከግንባታው ይልቅ ተረካቢውን ትውልድ ቢያስቀድም፣ ኢዮቤልዩውን በእውነት አከበረ ማለት ይቻላል።

እግዚአብሔር ለሱዳን ሕዝብ ሰላሙን ያውርድ፤ እኛንም ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሰን።