የመጻሕፍት ዝርዝርና የቡና ጓሮ፦ አርተር ራምቦ በፈረስ መጋላ

አርተር ራምቦ ከዓደን ወደ ሐረር ለመጓዝ ሲሰናዳ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1880፣ በፈረንሳይ ለሚኖሩት ቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ መጻሕፍት ተገዝተው እንዲላኩለት ጠይቋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ ከተማና ስለ እርሻ ውኃ አመራር፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ ግንበኝነትና ስለ አናጢነት የተጻፉ መጻሕፍት ይገኙበታል። የእንጨት መሰንጠቂያ አተካከል፣ የጥልቅ ጉድጓድ አቆፋፈር፣ የቆዳ ማልፋት፣ የቁልፍ ሥራ፣ የጡብና የሸክላ ሥራ፣ የሻማ አሠራር ሳይቀር ተካትተዋል። ይህን ዝርዝር የጻፈው ሃያ ዓመት ሳይሞላው የፈረንሳይን ግጥም መንገድ የለወጠው ሰው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም የግጥም መጽሐፍ የለም። የአበባ ወይም የጓሮ አትክልት እንክብካቤ መጽሐፍም አይታይበትም።

ስለ ራምቦ የሐረር ዘመን ከተጻፈው ውስጥ አብዛኛው የሚያተኩረው በዝምታው ላይ ነው፤ ባለቅኔው ብዕሩን ጥሎ ነጋዴ ሆነ፣ ነገሩም በዚያ አበቃ ይባላል። ደብዳቤዎቹና በራሱ እጅ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን የሚታየው ሌላ ሰው ነው፤ ማንበቡን ያልተወ፣ ለመጻፍም ያቀደ፣ ነገር ግን ከመጻሕፍት የሚሻው ጥቅም ብቻ የሆነ ሰው። በዙሪያው ከነበረው የሐረር ጓሮ ሕይወት ሊወጣ ይችል የነበረው መጽሐፍ ሳይጻፍ የቀረበትን ምክንያትም መፈለግ የሚገባው በዚሁ አመለካከቱ ውስጥ ይመስላል።

ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሬዴሪክ በአልጄሪያ ያገለገለ የእግረኛ ጦር መኮንን ሲሆን፣ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡን ትቶ ሄደ፤ በቤት ውስጥ የቀሩለት ጥቂት የዐረብኛ ወረቀቶች ነበሩ። እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ የባላገር ልጅ ነበረች፤ ሮሽ በተባለች መንደር ከወላጆቿ የወረሰችው እርሻ ነበራት፤ መሬትና ገንዘብ አያያዝም ታውቅ ነበር። ልጇ በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ተሸላሚ ነበር፤ በ1869 አንደኛ የወጣበት ግጥም ርእሰ ጉዳይ ዩጉርታ የተባለው የሰሜን አፍሪካ ንጉሥ መሆኑ ከኋላ ሲታይ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነው።

ከሮሽ እርሻ ጋር የነበረው ግንኙነት እንግዳ ነው። በጁላይ 1873 ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ብራስልስ ላይ በሽጉጥ ካቆሰለው በኋላ ወደዚያ ተመልሶ፣ በገሃነም ስላሳለፈው ወቅት የሚተርከውን መጽሐፉን ጨረሰ። ቤተሰቡ አዝመራ ሲሰበስብ እሱ ሲጽፍ ከረመ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ብራስልስ ታተመ፤ ደራሲው ግን የማተሚያውን ዋጋ አሟልቶ ስላልከፈለ፣ ከጥቂት ቅጂዎች በስተቀር ሁሉም እስከ 1901 ድረስ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ተዘግቶበት ቆየ። መጽሐፍ ምንም ላያስገኝ እንደሚችል የተማረው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1875 ገደማ በኋላ ግጥም አልጻፈም። በሆላንድ ቅኝ ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ደረሰ፣ ከዚያም ኮበለለ፤ በቆጵሮስ የድንጋይ ማውጫ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ በኦገስት 1880 ዓደን ገብቶ በባርዴ የንግድ ቤት ቡና ማስለቀም ጀመረ።

ከዘይላ ተነሥቶ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ሃያ ቀን ከተጓዘ በኋላ፣ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ። ከተማዋ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። ባርዴ የተከራየው ቤት የመጀመሪያው ግብፃዊ ገዥ ራውፍ ፓሻ ይኖርበት የነበረው ሲሆን፣ የሚገኘውም በጁገል መካከል፣ በፈረስ መጋላ አደባባይ ነበር። ስሙ እንደሚነግረን ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ነው፤ ከአምስቱ በሮች የሚገባው ሰውና ጭነትም ወደዚያው ያመራል። ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ አገሩ ከፍታ ያለው፣ ለም ያልሆነ የማይባል፣ አየሩም ቀዝቃዛና ጤናማ መሆኑን ገልጾ፣ የንግድ ዕቃው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ነው ብሎ ያልፋል። የገበሬ ልጅ የአፈርን ነገር መጀመሪያ ማየቱ ከሮሽ ያተረፈው ልማድ ሊሆን ይችላል።

በዚያ አደባባይ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ከግንቡ ውጭ ካሉት ጓሮዎች የሚመጣ ነበር። ሐረር 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአሚር ኑር ዘመን፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የታነጸው ግንብ ቤቱን ከእርሻው ይለያል፣ ሕይወታቸውን ግን አልለየም። የከተማው ሐረሪ በግንቡ ዙሪያ የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ ጓሮ ነበረው፤ ከዚያ ባሻገር የኦሮሞ ገበሬዎች በእርከን ላይ ማሽላ ከጫት ጋር አሰባጥረው ያለማሉ። የቡናው ፍሬ በቀይነቱ ተለቅሞ ከነገለባው በፀሐይ ይደርቃል፤ የሐረር ቡና እስከ ዛሬ የሚታወቅበት ጣዕም በከፊል ከዚህ አደራረቅ የመጣ ነው። ከዛፉ የሚጣል ነገር የለም፤ ገለባው ሐሸር ይሆናል፣ ቅጠሉ ከወተት ጋር ተፈልቶ ቁጢ ተብሎ ይጠጣል። ለውጭ ነጋዴ ጥሩው ነገር ፍሬው ብቻ ነው፤ ለባለ ጓሮው ግን ዛፉ ሙሉ የቤት ሲሳይ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተምር የታተመ መጽሐፍ አልነበረም፤ ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይተላለፍ ነበር።

ሐረር መጽሐፍ የማታውቅ ከተማም አልነበረችም። ቁርኣን ገልባጮችና መጽሐፍ ደጓሾች ነበሯት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ገብቶ አሥር ቀን ከቆየ በኋላ በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የሐረርን የመጽሐፍ ድጉሰት አድንቋል፤ ስለ ቡናውና ስለ ጫቱም በሰፊው ጽፏል። የበርተን ትዕቢት በየገጹ ቢያስመርርም፣ አንባቢን ወደ ቦታው የመውሰድ ችሎታው ሊካድ አይችልም። አሥር ቀን የቆየ ሰው ያን ያህል ከጻፈ፣ በድምሩ አምስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ራምቦ ምን ሊጽፍ ይችል ነበር የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አርአያ የሚሆን መጽሐፍ በገዛ አገሩ አልጠፋም። አልፎንስ ካር በ1845 ያሳተመው፣ በአትክልቱ ዙሪያ ስላደረገው ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ በፈረንሳይ በሰፊው የተነበበ ነው። አደራረሱ ቀልድ አለበት፤ ዓለምን ለማየት ለሄደ ወዳጁ በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ሆኖ፣ ተራኪው ከግቢው ሳይወጣ በአበባና በነፍሳት መካከል የሚያገኘውን ያወጋል። የጓሮ ሕይወትን ለደስታ የማንበብ ልማድ ከእንዲህ ካሉ ሥራዎች ጋር አደገ። ራምቦ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቦታው የተጓዡ ወዳጅ ነው፤ ከአትክልት ቦታው የወጣው፣ የማይመለሰው።

ቢሆንም ከጓሮ አልራቀም። ለዚህ ዋናው ማስረጃ በሁለተኛው የሐረር ቆይታው ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው። የፎቶግራፍ መሣሪያውን ከሊዮን በከፍተኛ ዋጋ አስመጥቶ በ1883 ጸደይ ሐረር ሲመለስ ይዞት ገባ። ሜይ 6 ቀን 1883 በጻፈው ደብዳቤ ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ፎቶግራፎች ላከ፤ በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፣ በሁለተኛው በቡና ጓሮ ውስጥ ቆሟል፣ በሦስተኛው በሙዝ ጓሮ ውስጥ እጆቹን አጣጥፎ ይታያል። ዓላማው መልኩን ለማስታወስና የአገሩን ገጽታ ለማሳየት እንደሆነ ገልጿል። ከሦስቱ ሁለቱን በአትክልት መካከል ለማንሣት መምረጡ ቀላል ነገር አይደለም። በአደባባዩ ላይ፣ በሚዛን ወይም በቡና ጆንያ አጠገብ ቆሞ መነሣት ይችል ነበር። የነጋዴነቱ ምልክት የሆነውን ሁሉ ትቶ ቅጠል መሐል ገባ።

ፎቶግራፎቹ ነጭተዋል። ምክንያቱንም ራሱ አስረድቷል፤ ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለነበረ ነው። ስለ ውኃ አመራር መጽሐፍ ያዘዘ ሰው በአንድ ገንዳ ንጹሕ ውኃ እጦት ሥራው ተበላሸበት። ዛሬ በሚታዩት ቅጂዎች ላይ ፊቱ እምብዛም አይለይም፤ ጎልቶ የሚታየው ቅጠሉ ነው። በዚያው ደብዳቤ ስለ ብቸኝነቱ ይናገራል፤ ልጅ ወልዶ በራሱ አስተሳሰብ አሳድጎ፣ በሳይንስ የሚበለጽግ ታዋቂ መሐንዲስ ሲሆን ማየት ይመኛል። የመጻሕፍቱ ዝርዝርና የጓሮው ፎቶግራፍ የሚገናኙት በዚህ ምኞት ላይ ነው። ራምቦ የተመኘው ልጅ እነዚያን መጻሕፍት ሁሉ ያነበበ ሰው ነው፤ የቆመበትን የሙዝ ጓሮ የተከለው ገበሬ ግን በምኞቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

መጽሐፍ የመጻፍ ሐሳብ እንደነበረው ይታወቃል። በጃንዋሪ 1882 ከዓደን በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር ካርታና ሥዕል ያለው ሥራ አዘጋጅቶ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ ማቀዱን ገልጾ፣ የመለኪያ መሣሪያዎች እንዲገዙለት ጠይቋል። ከዚህ ዕቅድ የተረፈው ስለ ኦጋዴን የተጻፈው ዘገባ ነው፤ ዲሴምበር 10 ቀን 1883 በሐረር ተጽፎ በ1884 በማኅበሩ ታተመ። መረጃውን በአመዛኙ ያመጣው ወደ ኦጋዴን የዘለቀው የሥራ ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ ነው። ዘገባው ስለ ጎሳዎች፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ከብትና ስለ ንግድ ዕቃ በደረቅና በጥንቃቄ በተመረጠ ቋንቋ ይናገራል። የቀድሞው ባለቅኔ ዐይን ያለው በቅጽሎቹ ቁጠባ ላይ ብቻ ነው። ስለ ሐረር ጓሮዎች የታሰበው ክፍል ግን አልተጻፈም። ራምቦ ርቆ የሚገኘውንና ያልታወቀውን ለመዘገብ ተጋ፤ በየዕለቱ ከበሩ ወጥቶ የሚያየው ነገር ዘገባ የሚገባው አልመሰለውም።

በማርች 1884 ሐረርን ለቀቀ። ተከትሎ የመጣው የጦር መሣሪያ ንግድ በብዙ ጽሑፎች የተተረከ ስለሆነ እዚህ ማስፋት አያስፈልግም፤ ጠመንጃዎቹን ይዞ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ሲደርስ ዳግማዊ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ይዘው ነበር። ፓሪስ ላይ በ1886 ላ ቮግ የተባለው መጽሔት የድሮ የስድ ግጥሞቹን ሲያትም፣ እሱ በታጁራ ጠረፍ ግመል ይጠባበቅ ነበር።

በ1888 ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ በራሱ ስም የንግድ ቤት ከፈተ። አገረ ገዥው በኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች መኮንን ነበሩ፤ በግብፆች የተሠራው መስጊድ በነበረበት በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በእነዚህ ዓመታት ገደማ ነው። ዘመኑ ክፉ ቀን የተባለው ነበር፤ ከብት በበሽታ አልቆ ረኃብ በአገሩ ሁሉ ገባ። የዚህ ወቅት ደብዳቤዎቹ በሒሳብ የተሞሉ ናቸው። መጻሕፍት ማዘዙ ቀነሰ፤ ስለታሰበው ሥራም አይነሣም።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ኤፕሪል 7 ቀን፣ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ሆኖ በአሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ከሐረር ወጣ። ቃሬዛውን ያሠራው በራሱ ንድፍ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ካዘዛቸው የእጅ ሥራ መጻሕፍት በሕይወቱ የዋለለት አንድ ነገር ካለ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሜይ 27 ቀን ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኮንንም በደረሰበት ማዘናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ላኩለት።

በጁላይ መጨረሻ ወደ ሮሽ ተወሰደ። የመከር ወቅት ነበር፤ መጽሐፉን ከጨረሰበት ክረምት አሥራ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። የአገሩ ብርድና ዝናብ አልተስማማውም፤ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሐረር የሚወስደውን መርከብ ፍለጋ ወደ ማርሴይ ተመለሰ፣ ከሆስፒታሉ ግን አልወጣም። ኖቬምበር 9 ቀን በሕመም ላይ ሆኖ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ፣ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ሊያሳፍሩት እንደሚገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስጻፈ። በማግስቱ በ37 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በሻርልቪል ነው። ዛሬ በጁገል ውስጥ በስሙ የሚጠራው ቤት ከሞቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ እዚያም የሐረርን የድሮ ገጽታ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ለጎብኚ ይታያሉ።