ሁለት ባላንጣ ቡድኖች በአንድነት ያከበሩት አምበል

በእንግሊዝ አገር በምሥራቁ ጠረፍ ሃል የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ስሟን የሰጣት ትንሽ ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራቡ ወገን የዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣ በምሥራቁ ወገን ደግሞ የመርከብ ጭነት የሚያራግፉ የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ነበረ። የሁለቱ ሰፈር ሰዎች በቋንቋም ሆነ በኑሮ እምብዛም የማይለያዩ ሲሆኑ፣ በአንድ ነገር ግን ከቶ አይስማሙም፤ ይኸውም በራግቢ ጨዋታ ነው። የምዕራቡ ሰው ጥቁርና ነጭ የሚለብሰውን የሃልን ቡድን ሲደግፍ፣ የምሥራቁ ሰው ቀይና ነጭ የሚለብሰውን ሃል ኪንግስተን ሮቨርስን ይደግፋል። ከአንዱ ወገን የተወለደ ልጅ የሌላውን ወገን ቡድን ቢያመሰግን ቤተ ሰቡን እንደ ካደ ይቆጠርበታል።

እንዲህ ባለችው ከተማ ውስጥ በሁለቱም ወገን እኩል የተወደደ፣ በሞተም ጊዜ ሁለቱም ወገን እኩል ያዘኑለት አንድ ተጫዋች ነበረ። ስሙ ክላይቭ ሰሊቫን ይባላል። እርሱ የሃል ተወላጅ አልነበረም፤ የቆዳው ቀለምም እንደ አብዛኛው የከተማው ሕዝብ ነጭ አልነበረም። ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ለመተረክ የተነሣነው የኳስ ወዳጆችን ለማስደሰት ብቻ ብለን አይደለም። አይችልም ተብሎ የተፈረደበት ሰው ፍርዱን በሥራው እንዴት እንደሚሽረው፣ ሰውን የሚመዝኑ ሰዎችም ምን ዓይነት ሚዛን መያዝ እንደሚገባቸው ታሪኩ ስለሚያሳየን ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንሰጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይረዳልን።

አስቀድመን ስለ ጨዋታውና ስለ ዋንጫው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ራግቢ ዕንቁላል የመሰለ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳሱን ከባላጋራው የመጨረሻ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ተጫዋች ትራይ የሚባለውን ነጥብ ያገኛል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይህን ጨዋታ የሚመሩት ባለጸጎች፣ ማንም ተጫዋች ስለ መጫወቱ ገንዘብ እንዳይቀበል የሚል ሕግ አጽንተው ነበር። ሕጉ ለባለጸጋ ቀላል ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ በከሰል ጉድጓድና በፋብሪካ ለሚሠራው ድኻ ግን የተጫወተበት ቀን ሁሉ ደመወዙ የሚቀርበት ቀን ነበረ። የሰሜን ክለቦች ይህ ኪሣራ እንዲካስ ቢጠይቁ ስለ ተከለከሉ፣ ኦገስት 29 ቀን 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ከቀድሞው ማኅበር ተለዩ፤ ከሥራ ለቀረ ተጫዋችም በቀን እስከ 6 ሺሊንግ እንዲከፈለው ፈቀዱ። በኋላ ራግቢ ሊግ የተባለው ጨዋታ ከዚህ መለያየት የተወለደ ነው። በ1906 ደግሞ የአንዱን ቡድን ተጫዋቾች ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አደረገ።

የተለዩት ክለቦች ብዙ ሳይቆዩ ቻሌንጅ ካፕ የሚባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አቋቋሙ። በ1897 በሊድስ ከተማ በሄዲንግሌ ሜዳ በተደረገው የመጀመሪያው ፍጻሜ፣ የባትሊ ቡድን ሴንት ሄለንስን 10 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1929 ጀምሮ ፍጻሜው ወደ ለንደን ወደ ዌምብሌ ስለ ተዛወረ፣ የሰሜን ሠራተኛ ከዓመት አንድ ቀን በባቡርና በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ዋናው ከተማ መውረድ እንደ በዓል ሆነለት። የጥሎ ማለፍ ሕግ ግን ጨካኝ ነው። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወዲያው ይወጣል፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም። የክላይቭ ሰሊቫን ሕይወት የዚህ ሕግ ተቃራኒ ነው ብንል አላጋነንንም፤ ብዙ ጊዜ ወደቀ ሲባል ከውድድሩ አልወጣምና።

ሰሊቫን የተወለደው ኤፕሪል 9 ቀን 1943 በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ ስፕሎት በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። የቤተ ሰቡ የዘር ሐረግ ከጃማይካ ደሴት ይመዘዛል። በልጅነቱ እግሮቹና ትከሻዎቹ ስለ ታመሙ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሐኪሞችም ይህ ልጅ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ መራመዱ ያጠራጥራል ብለው ነበር። ስለዚህ ራግቢ ተጫዋች እሆናለሁ የሚለው ሐሳቡ ለሰሚው ከሕልም የሚቈጠር ነበረ። ልጁ ግን አደገ፤ መራመድ ብቻ ሳይሆን ሮጠ፤ በ17 ዓመቱም በእንግሊዝ ጦር ሠራዊት በመገናኛ ክፍል ወታደርነት ተቀጠረ።

ከዚያ በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኘው ወደ ካተሪክ ጦር ሰፈር ተላከ። የዌልስ ሰው ሁሉ ራግቢ ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ በጦር ክፍሎች መካከል ለሚደረግ ግጥሚያ አለቆቹ መረጡት። እምቢ ቢል የቀድሞ ሕመሙ ተገልጦ ከሠራዊቱ እንዳይወጣ ፈራ፤ ስለዚህ ሜዳ ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የተጎዳ መስሎ ለመውጣት አስቦ ነበር ይባላል። ኳሱ እጁ በገባ ጊዜ ግን ያሰበውን ሁሉ ረሳው፤ ሮጦ አገባ። በዚያ ቀን ያዩት ሰዎች የዚህን ወታደር ፍጥነት ለራግቢ ሊግ ክለቦች አወሩ።

በመጀመሪያ የሞከረው ብራድፎርድ ኖርዘርን የሚባለው ቡድን ነው። ሙከራው አላጠገበውምና አልቀጠረውም። ቀጥሎ የሃል ቡድን ጠራው፤ ዲሴምበር 9 ቀን 1961 ከብራምሊ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታም አሰለፈው። በዚያን ጊዜ የሠራዊቱ ጨዋታ ገንዘብ በማይከፈልበት ወገን ሥር ስለ ነበረ፣ ለራግቢ ሊግ መሰለፉ ቢታወቅ ቅጣት ያመጣበት ነበር። ስለዚህ ስሙ ተደብቆ በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ሚስተር ኤክስ ተብሎ ተጻፈ። ይህ ስም የሌለው ሰው በዚያ ከሰዓት በኋላ ሦስት ትራይ አገባ። የሃል ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ውል አስፈረሙት።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ሐኪሞቹ የፈረዱት የሕመሙን መዝገብ አይተው ነው። በሃል ሜዳ ግን ስሙም፣ መዝገቡም፣ ያለፈ ታሪኩም አልተጠየቀም። የተመዘነው በእግሩና በልቡ ብቻ ነበረ፤ ተመዝኖም አልቀለለም።

መሰናክሉ በዚህ አላበቃም። በ1963 ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከእንግዲህ ወዲያ ኳስ አይጫወትም ተባለ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ተመልሶ ተጫወተ። ከዚያም በወታደርነቱ በቆጵሮስ ደሴት አገልግሎ ሠራዊቱን ተሰናበተና ሙሉ ጊዜውን ለክለቡ ሰጠ። የቆመበት ስፍራ ክንፍ ነበረ፤ ክንፍ ማለት በሜዳው ጠርዝ ሆኖ ኳስ እስኪደርሰው በትዕግሥት የሚጠብቅ፣ በደረሰውም ጊዜ እንደ ጥይት የሚፈተለክ ማለት ነው። በ1968 ከዶንካስተር ጋር በተደረገው አንድ ጨዋታ ብቻውን ሰባት ትራይ አግብቷል። ለሃል በተሰለፈባቸው 352 ጨዋታዎች ያገባው ትራይ 250 ደረሰ።

በ1967 ለብሪታንያ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። በ1968 የዓለም ዋንጫ በኒውዚላንድ ላይ ሦስት ትራይ አገባ። በ1972 ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ ተሾመ፤ በዚህም በማንኛውም የስፖርት ዓይነት የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። የነገሩን ክብደት ለመረዳት የእግር ኳሱን ታሪክ ማነጻጸር ይበቃል። ለእንግሊዝ ዋናው የእግር ኳስ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ቪቭ አንደርሰን የተሰለፈው በ1978 ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ፖል ኢንስ ደግሞ ቡድኑን የመራው በ1993 ነው። ሰሊቫን ከእርሱ 21 ዓመት ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ አገር ተደረገ። ኖቬምበር 11 ቀን 1972 በሊዮን ከተማ በተደረገው ፍጻሜ ብሪታንያ ከአውስትራሊያ ጋር ተገናኘች። አውስትራሊያ ቀድማ ነጥብ አግብታ ስትመራ፣ ሰሊቫን ኳሱን ከራሱ ወገን ሜዳ ይዞ ተነሣና የሜዳውን አብዛኛ ርዝመት ብቻውን ሮጦ አገባ። ወደ መጨረሻው ገደማ ማይክ ስቲቨንሰን ሌላ ትራይ ጨመረ፤ ቴሪ ክሎሰንም በእግሩ መትቶ ሁለት ነጥብ ስላስቈጠረ ጨዋታው 10 ለ 10 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት ማንም አላገባም። ብሪታንያ በምድቡ ጨዋታዎች የተሻለ ውጤት ስለ ነበራት ዋንጫው ለእርሷ ተሰጠ፤ ከአምበሉም እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2022ቱ ውድድር ድረስ ብሪታንያም ሆነች እንግሊዝ ይህን ዋንጫ አላገኙም። በ1974 የእንግሊዝ መንግሥት ኤም ቢ ኢ የሚባለውን ኒሻን ሸለመው።

የዓለምን ዋንጫ ያነሣው ሰው ግን የአገር ቤቱን ጥሎ ማለፍ ገና አላገኘም ነበር። የሃል ቡድን በ1959 እና በ1960 በተከታታይ ዌምብሌ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል፤ ከዚያ በኋላ ሰሊቫን በቆየባቸው ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ለፍጻሜ አልደረሰም። በ1974 ሰሊቫን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ባላንጣው ወደ ኪንግስተን ሮቨርስ ገባ። እንዲህ ያለው ዝውውር በሃል ከተማ ወዳጅን የሚያሳጣ፣ ጠላትን የሚያበዛ ነው። ሰሊቫን ግን በአዲሱ ቤቱ በ213 ጨዋታዎች 118 ትራይ ሲያገባ፣ በቀድሞው ቤቱ ያለውን ፍቅር አላጣም። ምክንያቱ ትልቅ ምሥጢር አይደለም። ለየትኛውም ወገን ሲሰለፍ ያለውን ሳይቈጥብ ይሰጥ ነበር፤ ከአንዱ ወገን ቆሞም ሌላውን አልሰደበም።

በ1980 ሁለቱ የሃል ቡድኖች በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌ ላይ ተገናኙ። ከተማው በሙሉ ወደ ለንደን ስለ ተጓዘ፣ መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራት እንዲያጠፋ የሚያሳስብ ማስታወቂያ በመውጫው መንገድ ላይ ተተክሎ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ95,000 ተመልካች ፊት ሮቨርስ 10 ለ 5 አሸነፈ፤ ይህም የክለቡ የመጀመሪያው ቻሌንጅ ካፕ ነበረ። የሮቨርስ አምበል ሮጀር ሚልዋርድ መንጋጋው ተሰብሮ ሳለ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሰሊቫንም በክንፍ ተሰልፎ ነበር፤ ዕድሜው 37 ነበረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሃል ቡድን ተራ ደረሰ። ሃልና ዊድነስ በሜይ 1982 ዌምብሌ ላይ 14 ለ 14 ስለ ተለያዩ፣ ጨዋታው በሊድስ በኤላንድ ሮድ ሜዳ እንዲደገም ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ሰሊቫን ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመልሶ ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ ያልተሰለፈ ሲሆን፣ ለድጋሚው ግን ተጠራ። 39 ዓመቱ ነበረ፤ በዚህ ዕድሜ የክንፍ ተጫዋች ይቅርና ከኋላ የሚቆመው እንኳ ጡረታ ወጥቶ ተመልካች ይሆናል። ሜይ 19 ቀን ሃል 18 ለ 9 አሸነፈና ከ1914 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ይዞ ገባ። እንግዲህ ሰሊቫን በአንዱ ባንክ ወገን የመጀመሪያውን ዋንጫ፣ በሌላው ወገን የ68 ዓመት ናፍቆት የሆነውን ዋንጫ ለማምጣት ተካፋይ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም የመጡለት ብዙዎች ጊዜው አልፎበታል ባሉት ዕድሜ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። በካንሰር በሽታ ተይዞ ኦክቶበር 8 ቀን 1985 በ42 ዓመቱ ዐረፈ። በሐዘኑ ጊዜ ጥቁርና ነጭ፣ ቀይና ነጭ ብሎ የሚለይ አልነበረም። ከሀምበር ድልድይ ተነሥቶ ወደ ከተማው የሚያስገባው ታላቅ አውራ ጎዳና በስሙ ተሰየመ። ሁለቱ ቡድኖች የሚጋጠሙበት የመታሰቢያ ዋንጫም ተቋቋመለት። ልጁ አንቶኒ በሴንት ሄለንስ ቡድን በ1996 እና በ1997 ያንኑ ቻሌንጅ ካፕ አገኘ። በ2023 ደግሞ በትውልድ ከተማው በካርዲፍ ከቢሊ ቦስተንና ከገስ ሪስማን ጋር ሐውልት ቆመለት፤ ሦስቱም ከካርዲፍ ወጥተው በሰሜን እንግሊዝ ሜዳዎች ስም ያተረፉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ቁም ነገር እንወስዳለን። የመጀመሪያው በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ አይሆንልህም ለተባለ ወጣት ነው። ሰሊቫንን የሕመም መዝገቡ፣ ያልቀጠረው ክለብ፣ የደረሰበት አደጋ፣ በመጨረሻም ዕድሜው በየተራ ይበቃሃል ብለውታል፤ እርሱ ግን መልሱን በአፉ ሳይሆን በሜዳው ላይ ሰጠ። ሁለተኛው ነገ በወንበር ተቀምጦ ሌላውን ለሚመዝን ወጣት ሹም ነው። አንድ ቀን አንድ ስም የሌለው ወታደር ሮጦ እንዲታይ የፈቀዱ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ችሎታ በካተሪክ ጦር ሰፈር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ሰውን በመዝገቡ ወይም በመልኩ ለመጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ይበቃል። ሜዳውን ከፍቶ ሩጥና እንይህ ለማለት ግን ትዕግሥትና ቅንነት ያስፈልጋል፤ የሹም ሥራ የሚባለውም ይኸው ነው።